ኮሜንየስ፤ ከሊቃውንት አዳራሽ ወደ ጀማሪው ልጅ የወረደ መምህር



የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዙ አገሮች ተቀራራቢ መልክ አለው። ልጆች በየክፍላቸው ተመድበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል፤ በውስጡም ሥዕል አለ። አንድ መምህር ከፊት ቆሞ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ያለማምዳል። ይኸን ሁሉ ስለለመድነው ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አንዳንዱ ሥራ በከተማ የላቲን ትምህርት ቤቶች ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ ሁሉንም ባንድ ሥርዓት አያይዞ ለመንደር ልጅ፣ ለድኻ ልጅ፣ ለሴት ልጅም ጭምር ይገባል ብሎ በዝርዝር የጻፈው ዮሐንስ አሞስ ኮሜንየስ የተባለ የሞራቪያ ሰው ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ያን አሞስ ኮሜንስኪ ይባላል።

የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ በግድግዳ ጋዜጣችን ለማውጣት የፈለግነው ስሙ በትምህርት ታሪክ ፈተና ላይ ስለሚመጣ ብቻ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ልጅ ትምህርቱ አልገባው ሲል ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው ወይስ የትምህርቱ አደራደር? ኮሜንየስ ሕይወቱን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ኖሯል። እጩ መምህራንም ነገ ክፍል ሲገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥማቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ወላጅ አልባ

ኮሜንየስ መጋቢት 28 ቀን 1592 ዓ.ም. ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በሚገኘው በሞራቪያ ምድር ተወለደ። ቤተሰቦቹ የወንድማማቾች ኅብረት የሚባለውና ከያን ሁስ ተከታዮች የወጣው አነስተኛ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አባሎች ነበሩ። ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባትና እናቱን አጣ፤ ሁለት እኅቶቹም ሞቱ። ዘመድ ቤት ተጠግቶ ሲኖር ለትምህርቱ የሚጨነቅለት ሰው አልነበረም። ፕሬሮቭ በምትባል ከተማ ወደ ነበረው የላቲን ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜው አሥራ ስድስት ደርሶ ነበር።

እስቲ ይታያችሁ። ጎረምሳ ሆኖ ከትናንሽ ልጆች ጋር ከመጀመሪያው መነሣት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዘግይቶ መግባቱ አንድ ጥቅም ሰጠው። ሕፃን ተማሪ የሚደርስበትን በደል በደል መሆኑን አያውቅም፤ እንዲሁ ይሸከመዋል። ኮሜንየስ ግን የሚማርበትን መንገድ እያየ ለመመዘን የሚችል ሰው ሆኖ ነበር። ያየውም ነገር አላስደሰተውም። በዘመኑ ልጆች የላቲን ሰዋስው ሕግ፣ ያውም በላቲን የተጻፈውን፣ የቃላቱን ትርጉም ሳያውቁ በቃላቸው እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። የማይታወቀውን በማይታወቅ ነገር ማስረዳት ማለት ይኸ ነው። ሲያቅታቸው ዱላ ይከተላል። ኮሜንየስ በኋላ ዘመን ሲጽፍ እንዲህ ያሉትን ትምህርት ቤቶች የልጆች አእምሮ ከሚታረድበት ቄራ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሷል።

በ1611 ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በሄርቦርን፣ ከዚያም በ1613 በሃይደልበርግ ተማረ። በዚያው ጊዜ ቮልፍጋንግ ራትኬ የተባለ ጀርመናዊ ስለ ትምህርት መሻሻል ያቀረበውን ሐሳብ አገኘ። ራትኬ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይማሩ፣ በቅድሚያም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ የሚል ሰው ነበር። ይህ ሐሳብ ወጣቱን ኮሜንየስን ልቡን ነካው። በ1614 ወደ አገሩ ተመልሶ በተማረበት በፕሬሮቭ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሥራውን እንደ ጀመረም ለተማሪዎቹ ቀለል ያለ የላቲን ሰዋስው አዘጋጀ። በ1616 የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሆኖ ተሾመ፤ በ1618 ደግሞ ወደ ፉልኔክ ሄዶ ምእመናኑንም ትምህርት ቤቱንም ይመራ ጀመር። አግብቶ ልጆች ወለደ።

ጦርነትና ስደት

ሰላሙ አልቆየም። በዚያው በ1618 የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ተነሣ። ኅዳር 8 ቀን 1620 ፕራግ አጠገብ ነጭ ተራራ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ የቦሔሚያ ፕሮቴስታንቶች ተሸነፉ። በሚከተለው ዓመት ወታደሮች ፉልኔክን ያዙ። ኮሜንየስ ሸሽቶ ተደበቀ። እርሱ በመሸሸጊያው ሳለ በ1622 ሚስቱና ሁለት ሕፃናት ልጆቹ በወረርሽኝ አለቁ። በ1623 ደግሞ በፉልኔክ የቀሩት መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቤት የለውም፣ ቤተሰብ የለውም፣ መጽሐፍ የለውም።

በ1624 ሁለተኛ ሚስት አገባ። በ1627 ግን ካቶሊክ ያልሆነ ሁሉ ወይ ሃይማኖቱን ይለውጥ ወይ አገሩን ይልቀቅ የሚል ሕግ ወጣ። በ1628 ክረምት ከወገኖቹ ጋር ተራራውን አቋርጦ ፖላንድ ገባና ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተጠለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አርባ ሁለት ዓመት በስደት ኖረ። የትውልድ አገሩን አፈር ዳግመኛ ተመልሶ አልኖረበትም።

ታዲያ ስደተኛ ምን ይሠራል? ኮሜንየስ ቁጭ ብሎ ለአገሩ ልጆች የሚሆን የትምህርት ሥርዓት ማዘጋጀት ጀመረ። ዲዳክቲካ የተባለውን ስለ ማስተማር ጥበብ የሚናገር ትልቅ ሥራውን በመጀመሪያ የጻፈው ለሊቃውንት በሚሆነው በላቲን ሳይሆን በቼክ ቋንቋ ነው። ምክንያቱም ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን፣ ስንመለስም ፈርሶ የሚጠብቀንን ትምህርት ቤት በአዲስ መልክ እንሠራዋለን የሚል ተስፋ ነበረው። መመለሱ ግን አልሆነም። የቼኩ ጽሑፍ ሌሽኖ ተቀምጦ ቆይቶ በ1841 ተገኘ፤ የታተመውም በ1849 ነው። ዓለም አስቀድሞ ያወቀው በላቲን አስፍቶ የጻፈውንና ዲዳክቲካ ማግና የሚባለውን ነው።

ስድስት ዓመት፣ ስድስት ክፍል፣ ስድስት መጽሐፍ

በዲዳክቲካ ማግና ውስጥ ኮሜንየስ የሰውን የትምህርት ዕድሜ በስድስት ስድስት ዓመት ለአራት ከፈለው። ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ልጁ የሚማረው ከእናቱ ጉያ በቤት ውስጥ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት በየመንደሩ በሚቋቋም ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት በየከተማው የላቲን ትምህርት ቤት ይኖራል። ከዚያ በላይ እስከ ሃያ አራት ከፍተኛ ትምህርትና ወደ ሌላ አገር የሚደረግ ጉዞ ይከተላል። ከአራቱ ውስጥ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው፣ ማለትም የመንደሩ ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት የጌታም የድኻም፣ ወንድም ሴትም ልጅ ባንድነት ይማራል። ያልፈጠነውም ልጅ አይባረርም፤ እንዲያውም ይበልጥ ርዳታ የሚያስፈልገው እርሱ ነው ይላል ኮሜንየስ። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ርዝመትና ስፋት መለካት፣ መዝሙር፣ ሃይማኖትና ግብረ ገብ፣ ስለ ቤት አስተዳደርና ስለ መንግሥት ለዕለት ኑሮ የሚበቃ ያህል፣ የዓለም ታሪክ፣ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ፣ በመጨረሻም ስለ እጅ ሥራ ዓይነቶች ይማራሉ። የእጅ ሥራው ጉዳይ ባለሙያ ለማድረግ ሳይሆን ልጁ ዝንባሌው ወደየት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።

ስድስቱ ዓመታት ስድስት ክፍል ናቸው፤ ለየክፍሉም ራሱን የቻለ አንድ አንድ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ አቀደ። የየክፍሉ መጽሐፍ የሚናገርበት ጉዳይ ተመሳሳይ ቢሆንም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል። ልጁ አምና በጥቂቱ ያየውን ዘንድሮ ዘርዘር አድርጎ ያገኘዋል ማለት ነው። ለመጻሕፍቱም ልጅን የሚስብ የአትክልትና የአበባ ስም እንዲሰጣቸው አሰበ።

የቀኑን ፕሮግራም ስንመለከት ደግሞ ይበልጥ እንገረማለን። ትምህርት በቀን አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁለት ከምሳ በፊት፣ ሁለት ከምሳ በኋላ። የቀረው ለቤት ሥራና ለጨዋታ ይሁን ይላል። ጧት አእምሮና ትውስታ ትኩስ በሆኑበት ጊዜ መምህሩ አዲሱን ትምህርት ያነባል፣ በቀላል ቋንቋ ያብራራል፣ ይደግማል፤ ቀጥሎም ተማሪዎቹን ተራ በተራ ያስነብባል። ከሰዓት በኋላ ግን አዲስ ነገር ፈጽሞ አይሰጥም። የጧቱ ትምህርት በጽሑፍ ይገለበጣል፤ ማን ይበልጥ እንደያዘ ልጆቹ እርስ በርስ ይወዳደራሉ፤ ይጽፋሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይዘምራሉ። ባጭሩ ግማሹ ቀን ለመቀበል፣ ግማሹ ቀን የተቀበሉትን መልሶ ለማውጣት ነው።

መምህሩ በክፍል ውስጥ ምን ያድርግ ለሚለውም ዝርዝር መመሪያ አለው። መምህሩ ሁሉም በሚያየው ከፍ ባለ ስፍራ ይቁም። ለአንዱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይናገር። ያልታየ ነገር እንዳይነገር፣ ነገሩ ከተቻለ ለዓይን ይቅረብ፤ ካልተቻለ ሥዕሉ ይቅረብ። በመካከል ድንገት ንግግሩን አቁሞ አንዱን ተማሪ የተባለውን እንዲደግም ይጠይቅ። ያኛው ካልቻለ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን ይጠይቅ፤ መጨረሻ ላይ ያልቻሉት ራሳቸው መልሱን እንዲሉት ይደረግ። በዚህ ዓይነት ማንም ልጅ ተራዬ አይደርስም ብሎ አይተኛም። ተማሪዎቹም በአሥር በአሥር ተከፋፍለው የቡድን አለቃ ይኑራቸው ይላል።

ስለ ቅጣት የተናገረውም የሚዘነጋ አይደለም። ጠንካራ ቅጣት ለምግባር ጥፋት እንጂ ትምህርት ላልገባው ልጅ አይገባም ብሏል። ሙዚቀኛ ክራሩ ቅኝቱ ቢዛባ በጡጫ አይመታውም፤ አዳምጦ ያቃኘዋል እንጂ። መምህርም እንዲሁ ያድርግ ነው ምክሩ።

በሩ ከበደ፤ ደጃፍ ተሠራለት

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሌሽኖ ኮሜንየስ በላቲን ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1631 የተከፈተ የቋንቋዎች በር የሚል ትርጉም ያለው የላቲን መማሪያ አሳተመ። የመጽሐፉን መነሻ ሐሳብ ያገኘው የአየርላንድ ኢየሱሳውያን በ1611 በስፔን ሳላማንካ ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። ካቶሊኮች ከአገሩ አስወጥተውት እያለ ከካቶሊክ መጽሐፍ ጥሩውን ለመውሰድ አላፈረም። ነገር ግን የእነርሱ ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርስ የማይያያዙ ነበሩ። ኮሜንየስ 8 ሺህ ያህል ቃላት መርጦ በ1 ሺህ ዓረፍተ ነገር አቀናበራቸው፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም በ100 ምዕራፍ እንደየጉዳያቸው ደለደላቸው። ስለ እሳትና ውሃ፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰው አካል፣ ስለ ገበሬና ስለ አንጥረኛ፣ ስለ ቤትና ስለ ከተማ እያለ ይሄዳል። ልጁ ቃሉን ሲማር ዓለሙንም አብሮ ይማራል። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት ያህል የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ደራሲውን በመላው አውሮፓ ስመ ጥር አደረገው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዝና ረክቶ ይቀመጥ ነበር። ኮሜንየስ ግን መጽሐፉ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ችግሩን አየ። በሩ ለጀማሪ ከበደ። ታዲያ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው አላለም። ከበሩ በታች ሌላ ደረጃ እንደጎደለ ተገነዘበ። በመሆኑም በ1633 ደጃፍ የሚል ስም የሰጠውን፣ 1 ሺህ ያህል የተለመዱ ቃላት ብቻ የያዘውን ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ከ8 ሺህ ወደ 1 ሺህ ወረደ ማለት ነው። ሊቅ ሲባል ወደ ላይ የሚወጣ ነው ብለን ለምደናል፤ የእርሱ ሊቅነት ግን ጀማሪው ልጅ እስካለበት ድረስ መውረድ ነበር።

የሊቃውንት ግብዣና የመማሪያ መጽሐፍ ሥራ

በ1641 ሳሙኤል ሃርትሊብ የተባለ ወዳጁና ሌሎች ደጋፊዎች ወደ ለንደን ጠሩት። የኮሜንየስ ትልቅ ምኞት የሰውን ልጅ ዕውቀት ሁሉ ባንድ የሚያጠቃልል ሥራ ለመሥራትና ለዚህም የሊቃውንት ማኅበር ለማቋቋም ነበር። ግን በ1642 የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ዕቅዱ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሆላንድ ሲያልፍ ፈላስፋውን ዴካርትን አግኝቶ ተወያየ። ቀጥሎ ስዊድን ገባ። የስዊድን ዋና ሹም አክሰል ኦክሰንስቴርና ሐሳቡን መርምሮ በቅድሚያ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት እንዲያዘጋጅ መከረው፤ ሉዊ ደ ጌር የተባለ ባለጸጋ ደግሞ ወጪውን ቻለ። ኮሜንየስ ኤልቢንግ በምትባል ከተማ እስከ 1648 ድረስ መማሪያ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ኖረ። ልቡ ወደ ትልቁ የፍልስፍና ሥራው ያደላ ስለነበር መማሪያ መጽሐፍ መጻፍ ያሰለቸው ነበር። ግን ዛሬ ስሙ የሚጠራው ይበልጡን በዚያ ባሰለቸው ሥራ ነው።

በ1648 ጦርነቱ በዌስትፋሊያ ስምምነት አበቃ። ስምምነቱ ግን ለቦሔሚያና ለሞራቪያ ስደተኞች አገራቸውን አልመለሰላቸውም። ሃያ ዓመት የጠበቀው ተስፋ ያኔ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሚስቱ ሞተች፤ የተበተነው ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳስ አድርጎ መረጠው።

ሥዕላዊው መጽሐፍ

በ1650 የሃንጋሪ መሳፍንት ትምህርት ቤት እንዲያደራጅላቸው ሻሮሽፓታክ ወደ ተባለ ስፍራ ጋበዙት። ሰባት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አቀደ። የተከፈቱት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። መምህራኑ አዲሱን አሠራር በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም፤ ደጋፊው ወጣቱ ልዑል ዚግሙንድ ራኮትሲም በ1652 ሞተ። እዚህ ላይ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁ ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለ። የቱንም ያህል ያማረ ዕቅድ ቢሆን ክፍል ውስጥ የሚሠራበት መምህር ካላመነበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ቢሆንም ኮሜንየስ ከሻሮሽፓታክ ባዶ እጁን አልወጣም። የመማሪያውን ይዘት ወደ ስምንት ተውኔት ለውጦ ተማሪዎቹ ራሳቸው በመድረክ እንዲጫወቱት አደረገ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦርቢስ ፒክቱስ ማለትም ሥዕላዊ ዓለም የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው በዚያ ነው። ሥዕሎቹን የሚቀርጽ ባለሙያ በአካባቢው ባለመገኘቱ የታተመው በ1658 በጀርመን ኑረምበርግ ነው። 150 ምዕራፍና 150 ያህል ሥዕል አለው። በየገጹ ላይ ሥዕል ይታያል፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከሥዕሉ ቀጥሎ በላቲንና በጀርመንኛ ጎን ለጎን በተጻፈው ምንባብ ውስጥ ያው ቁጥር ከቃሉ አጠገብ ይገኛል። ልጁ ቃሉን ያነባል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ነገሩን በሥዕል ያገኛል። መጽሐፉ የሚጀምረው በፊደል ሲሆን ለየፊደሉ የእንስሳ ድምፅ ተሰጥቶታል፤ ቁራ ስትጮህ፣ በግ ሲጮህ የሚሰማው ድምፅ ፊደሉን ያስታውሳል። በ1659 በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም በአውሮፓ በብዙ ቋንቋዎች ደጋግሞ ታትሟል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ታላቁ የጀርመን ደራሲ ጎተ በልጅነቱ ይህንኑ መጽሐፍ ያገላብጥ ነበር።

ልብ በሉ፤ በ1631 በር፣ በ1633 ደጃፍ፣ በ1658 ሥዕል። ደራሲው ዕድሜው በገፋ ቁጥር መጽሐፉ ለታናሽ ልጅ የቀረበ እየሆነ ሄደ። ሥዕላዊ ዓለም ሲታተም ኮሜንየስ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

እሳት እንደገና

በ1654 ወደ ሌሽኖ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ስዊድን ፖላንድን ወረረች። የሌሽኖ ፕሮቴስታንቶች ወደ ስዊድን አደሉ፤ ኮሜንየስም ራሱ የስዊድኑን ንጉሥ የሚያሞግስ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ያስጠጋችውን አገር ወራሪ ማሞገሱ በብዙ ሰው ዘንድ አስወቅሶታል። በሚያዝያ 1656 የፖላንድ ወገኖች ከተማዋን አቃጠሉ። ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ያልታተሙ ጽሑፎቹ ጠፉ። ከጠፉት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይገኝበታል። ይኸ ሁሉ የደረሰበት በስድሳ አራት ዓመቱ ነው።

የደ ጌር ልጅ ላውረንስ አምስተርዳም ላይ መጠለያ ሰጠው። በሚከተለው ዓመት በ1657 በከተማው አስተዳደር ርዳታ ስለ ትምህርት የጻፋቸው ሥራዎች ተሰብስበው በአራት ክፍል ታተሙ፤ ዲዳክቲካ ማግናም የታተመችው ያኔ ነው። ኮሜንየስ ኅዳር 15 ቀን 1670 በሰባ ስምንት ዓመቱ አምስተርዳም ውስጥ አረፈ፤ ናርደን በምትባል ከተማም ተቀበረ። የሰው ልጅን ኑሮ ስለ ማሻሻል የጻፈው ትልቁ ሥራው የእጅ ጽሑፉ ጠፍቶ ቆይቶ በ1930ዎቹ በጀርመን ሃለ ከተማ ተገኘ፤ ሙሉው በ1966 ፕራግ ላይ ታተመ። ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ የልደቱ ቀን የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ምስሉም በ200 ኮሩና ብር ኖት ላይ አለ።

ኮሜንየስ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። በዘመኑ የተነሡ ትንቢት ተናጋሪዎችን አምኖ ትንቢታቸውን በማሳተሙ በሊቃውንት ዘንድ ብዙ ተነቅፏል። በተማሪነቱ የኮፐርኒከስን የእጅ ጽሑፍ ገዝቶ የነበረ ቢሆንም ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን ትምህርት አልተቀበለም። ሰውን ከነእንከኑ ማወቅ ይበጃል።

የዛሬው የአእምሮ ጥናት ምን ይላል?

ኮሜንየስ ሙከራ አድርጎ ያረጋገጠው ነገር የለም። ማስረጃው ከተፈጥሮ የወሰደው ምሳሌ ነበር፤ ወፍ እንዴት ትፈለፍላለች፣ ዛፍ እንዴት ያድጋል፣ ማተሚያ ቤት እንዴት ይሠራል እያለ ወደ ትምህርት ያዞረዋል። ምሳሌ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ብዙውን ነገር በሙከራ ደርሰውበታል።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው ተከፋፍሎ የተከለሰ ግን እንደሚቆይ አሳየ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው ባንድ አፍታ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ሰባት ገደማ መሆኑን ጻፈ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ከ1988 ወዲህ ይህ ጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ መማር እንደሚቆም አስረዳ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር የሚለው የድሮ ምክር ምክንያቱ እነሆ ታወቀ። ቃልና ሥዕል ባንድነት ሲቀርቡ ነገሩ በሁለት መንገድ ስለሚያዝ በቀላሉ አይረሳም። የተማሩትን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ከአእምሮ ለማውጣት መሞከር ይበልጥ እንደሚያጸናም ታውቋል። ይኸ እንግዲህ የኮሜንየስ የከሰዓት በኋላው ፕሮግራም ነው።

በ1960ዎቹ ዚግፍሪድ ኤንግልማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ለድኻ ልጆች ቀጥተኛ የማስተማር ዘዴ የሚባለውን ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ። ትምህርቱ በትናንሽ ደረጃ ተከፋፍሎ፣ ምሳሌው ተመርጦ፣ የመምህሩ ጥያቄ ሳይቀር ተጽፎ የቀረበ ነበር። በ1968 የተጀመረው ፎሎው ስሩ የተባለው ሰፊ የመንግሥት ፕሮግራም ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ሲያወዳድር፣ በ1977 በወጣው ግምገማ በመሠረታዊ የማንበብና የሒሳብ ችሎታ ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያሳየው ይህ ዘዴ ሆኖ ተገኘ። ስለ ግምገማው አካሄድ በባለሙያዎች መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የኤንግልማን መሠረተ ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። ልጁ ካልተማረ ትምህርቱ እንደገና ይመርመር ይላል። ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ደጃፉን የሠራው ሰውዬ ያደረገው ይኸንኑ ነው።

የኮሜንየስ ሐሳብ ሁሉ ግን ይጸናል ማለት አይደለም። የልጅን አእምሮ ባዶ ወረቀት፣ የመምህሩን ድምፅ የማተሚያ ቀለም አድርጎ መስሏል። ዛሬ የሚታወቀው አዲስ ዕውቀት ቀድሞ በአእምሮ ካለው ጋር ካልተያያዘ እንደማይጸና ነው። ወረቀቱ ባዶ አይደለም። አንድ መምህር በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ያለ ችግር ያስተምራል ማለቱም ብዙ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚቀበለው አይመስለንም።

ለእጩ መምህራን

እስቲ ወደ ራሳችን ሥራ እናምጣው። በመለማመጃ ክፍላችሁ 52 ሲቀነስ 27 የሚለውን ጻፋችሁ እንበል። ተማሪው 35 ብሎ መለሰ። ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን 35 ከየት መጣ? ልጁ ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ቢለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። ስለዚህ ሒሳብ አይችልም ማለት አይደለም፤ አንድ ደረጃ ጎድሎበታል። 52 ማለት አምስት አሥሮችና ሁለት አንዶች መሆኑን ያውቃል? ያው ቁጥር አራት አሥሮችና አሥራ ሁለት አንዶች ሊሆን እንደሚችል አይቷል? ከ12 ላይ 7 መቀነስ ይችላል? ከአራት አሥሮች ሁለቱን ሲቀንስ ምን ይቀራል? ከነዚህ አንዱ ከተሰበረ 25 የሚለው መልስ አይመጣም።

በአሥር በአሥር የታሰረ እንጨት ይዛችሁ ግቡ። አንዱን እስር ፊቱ ፍቱለት። በመጀመሪያ እናንተ እየተናገራችሁ ሥሩ፤ ቀጥሎ አብራችሁ ሥሩ፤ ከዚያ ልጁ ብቻውን ይሥራ። ይኸን ሁሉ ሳታደርጉ መበደር የሚለውን ቃል ብቻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብትጽፉ ግን የላቲንን ሰዋስው በላቲን እንዳስተማሩት ሰዎች መሆናችሁ ነው። በማግሥቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩም ጥቂት ጥያቄ እየጣላችሁ ከልሱ። ቀጥተኛ ማስተማር ማለት አርባ ደቂቃ ሙሉ መናገር ማለት አይደለም፤ ጥቂት ተናግሮ ብዙ መጠየቅ ነው።

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ስታወጡ ከዓላማው በታች አንድ መስመር ጨምሩ። ልጁ ይህን ከመማሩ በፊት ምን ማወቅ አለበት ብላችሁ ጻፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን የሚያሞቀው ሲኖር ነው። ኮሜንየስ ሚስትና ልጆቹን፣ አገሩን፣ ሁለት ጊዜም መጻሕፍቱን አጥቶ፣ የልጅ ትምህርት ደረጃው የቱ ላይ እንደጎደለ መፈለጉን አልተወም። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጥቂት ጠመኔ ነው። ጎደሎውን ደረጃ ለመፈለግ ይኸ ይበቃል።